ያልተቋረጠው አንድ ሰዓት

ሟቹ ጡረተኛ አናጺ ነበሩ፤ የገደላቸው ደግሞ እንጨት ነው። ኢንስፔክተሯ ከመኪናዋ ወርዳ አስከሬኑ ዘንድ እስክትደርስ ይህን ነገር እንደ ቀልድ ሦስት ሰው ነገራት። አራተኛው ገና አፉን ሲከፍት "ሰምቻለሁ" አለችውና አለፈች።

ማክሰኞ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የአናጺው ቤት ከመንደሩ በላይ፣ ጉብታው ላይ ለብቻው የተቀመጠ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ግቢው ውስጥ አንድ ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር፤ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው። አሁን ከአጥሩ እስከ ጓሮው በር ተጋድሟል። አናጺው ከቅርንጫፎቹ ሥር ናቸው። ጉቶው ላይ የሚታየው የንፋስ ሥራ አይደለም፤ ልሙጥ፣ ትኩስ፣ በሞተር መጋዝ የተቆረጠ ነው። መጋዙም ከጉቶው ሁለት እርምጃ ርቆ ሣር ውስጥ ወድቋል። እጀታው ላይ የሳተላይት ኢንተርኔት ድርጅቱ ምልክት ተለጥፎበታል።

"ይሄ የማን ነው?"

"የቴክኒሻኑ!" አሉ፤ ሰባት ስምንት ሰው በአንድ አፍ። መልስ ለመስጠት መሽቀዳደማቸው ራሱ አናደዳት።

ቴክኒሻኑ በአካባቢው ባሉ ቤቶች፣ እርሻዎችና ሱቆች ጣሪያ ላይ የሳተላይት ዲሽ የሚተክል ወጣት ነው። ሰኞ ዕለት ከአናጺው ጋር አጥር ለአጥር ሲጨቃጨቅ ውሎ "እርስዎ ካልቆረጡት እኔ እቆርጠዋለሁ!" ብሎ መጮሁን መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ያልሰማውም ዛሬ ሰምቷል።

ከጉብታው መቶ እርምጃ ዝቅ ብሎ ጤና ጣቢያው አለ። ጣሪያው ላይ የተተከለው ነጭ ዲሽ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ዛፉ ቆሞበት ወደነበረው ሰማይ አዙሯል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጓንቱን እያወለቀ ወደ እሷ መጣ። መንደርተኛው "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱ "ጤና መኮንን ነኝ" እያለ ያርማል፤ የሚሰማው የለም።

"ደረታቸው ላይ ነው ያረፈው" አላት። "ብዙም አልተሰቃዩም። ሰዓቱን ከፈለጉ፣ ከአራት ተኩል በፊት አይሆንም፤ ከአምስትም አያልፍም።"

"እንዲህ ቁርጥ አድርገው?"

"ልጃቸው ስድስት ሰዓት ላይ ስትጠራኝ ሰውነታቸው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።"

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ የሞት ሰዓት በግማሽ ሰዓት ልክ የነገራት ሰው አልነበረም። ከተማ የሚላከው አስከሬን ውጤቱ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ደስ አላት፤ ጻፈችው።

"የመጋዝ ድምፅ የሰማስ?"

ጤና መኮንኑ በአገጩ ወደ ጉብታው ማዶ ጠቆማት። እዚያ ያለው ወፍጮ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ይጮኻል። በዚያ ሰዓት እንኳን መጋዝ፣ ተራራም ቢናድ የሚሰማ የለም።

የሟቹ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ምሳ ይዛ መጥታ ነው አባቷን ያገኘቻቸው፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

"እህቴ፣ አባትሽ ለምን ነበር ዛፉን አልቆርጥም ያሉት?"

"ሁለት ዓመት ይቀረዋል ይል ነበር።"

"ለምኑ?"

"ለቤቴ። ለምሠራው ቤት ጣሪያ። በየዓመቱ በገመድ ይለካዋል። ሳይበስል ከተቆረጠ ይጣመማል እያለ።"

"እንዲቆረጥ የሚፈልገውስ ማን ነበር?"

"የማይፈልግ ማን አለ?" አለች አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "ጤና ጣቢያው ኔትወርክ ከለለብን ይላል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሥሩ ግድግዳዬን ሰነጠቀው ይላሉ። እኔም ራሴ ባለፈው ሳምንት ‘አባዬ ቁረጠውና እንገላገል’ ብዬዋለሁ።" ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። "ማክሰኞ እኮ ገበያ ነው። ሁልጊዜ ይወርዳል። ዛሬ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ቀረ። ለምን ዛሬ ቀረ?"

ኢንስፔክተሯ ‘ዛሬ ገበያ አልወረዱም’ ብላ ጻፈች።

ቴክኒሻኑን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሞተር ሳይክሉ ወደ መንደሩ ሲገባ ያዙት። ልብሱ ላይ አቧራ፣ ኪሱ ውስጥ ብሎን፣ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ብቻ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ አስቀምጣ ጠየቀችው።

"ከአራት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት የት ነበርክ?"

"ንብ አናቢው ቤት፣ ጣሪያ ላይ።"

"ማን አየህ?"

"ንቦቹ።"

እስክሪብቶዋን ደብተሯ ላይ ጣለችው።

"እየቀለድኩ አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ሰውዬው አልነበሩም፤ ቁልፉን ትተውልኝ ነው የሄዱት። እዚያ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ለዚያ እኮ ነው ዲሽ የምተክልላቸው።"

"መጋዝህስ?"

"ቅርንጫፍ ሲኖር ለመመልመል ነው እንጂ በየቀኑ አልይዘውም። ጤና ጣቢያው ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ቁልፉ እኔና ዶክተሩ ጋ ነው።"

"‘እኔ እቆርጠዋለሁ’ ብለሃል?"

"ብያለሁ። ሰው ሲናደድ የማይለው ነገር አለ? እርስዎ ተናደው አያውቁም?"

ከጠዋት ጀምሮ ከመናደድ ሌላ ምንም አልሠራችም፤ ግን አልነገረችውም። ስልኩን ተቀብላ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተችና መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። የበላይዋ የሆነው አዛዥ ከከተማ ሆኖ "ስልክ የሚከፍተው የእኛ ባለሙያ ብቻ ነው" ብሏታል። የእነሱ ባለሙያ ለመምጣት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል።

ረቡዕ ጠዋት የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የጠበቀቻት የቴክኒሻኑ ታላቅ እህት ናት። መንደሩ መሀል የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ ፎቶ ኮፒም ታነሣለች። ሰላምታ የሚባለውን ዘለለችው።

"ወንድሜን መቼ ነው የምትለቂው?"

"ምርመራው ሲያልቅ።"

"ምርመራሽ እስኪያልቅ እሱ ያልቃል! ስሚኝ ኢንስፔክተር፤ ይህን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሥራው ሰው ቤት መግባት ነው። የሚውለው ሰው ጣሪያ ላይ ነው። ነፍሰ ገዳይን ማን ነው ልጆቹ ከተኙበት ቤት ጣሪያ ላይ የሚያወጣው? ከትናንት ጀምሮ ሦስት ደንበኛ ‘ሌላ ሰው ላኩልን’ ብሎ ደውሏል።"

"ንጹሕ ከሆነ ይለቀቃል።"

"መለቀቅማ ሌባም ይለቀቃል!" አለች። "ስሙን ማን ይመልስለታል?"

ኢንስፔክተሯ በሩን ገፍታ ገባች። የእህትየዋ ቃል ግን አብሯት ገባ።

የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ሰው ሁሉ "ነጎድጓድ" ይላቸዋል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከወፍጮ ጋር እየተጯጯሁ ስለኖሩ ለሹክሹክታም ይጮኻሉ። ከጫማቸው እስከ ቅንድባቸው ነጭ ናቸው፤ የቀኝ እጅጌያቸው ላይ ግን ነጭ ያልሆነ ነገር አየች። ቢጫ የእንጨት ብናኝ።

"ከአናጺው ጋር በድንበር ተካሳችሁ ነበር አይደል?"

"ምን?"

"ተካሳችሁ ነበር?!"

"አዎ! ሁለቴ! ሁለቴም ረቱኝ!"

"እጅጌዎ ላይ ያለው የምን ብናኝ ነው?!"

ነጎድጓድ እጅጌያቸውን አይተው ሳቁ፤ እየጎተቱ ወስደው በአዲስ ጣውላ የተጠገነውን የእህል ሳጥን አሳዩዋት። "ትናንት ጠዋት ተሰንጥቆብኝ! ሳጥኑን እያቆምኩ እየጠገንኩ፣ ሰዉ እየሰደበኝ! ሂጂና ጠይቂያቸው!"

ሄዳ ጠየቀች። ማክሰኞ ተሰልፈው ከነበሩት አሥራ ስድስቱን አገኘች፤ አሥራ ስድስቱም ሰውዬው ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ከዚያች ሳጥን ሥር ንቅንቅ እንዳላሉ፣ ሥራቸውም ቀሰስተኛ እንደነበር፣ የሰው ተራም እንዳሳለፉ ማሉላት። አንዷ እንዲያውም ተራዋን ስላሳለፉባት ክስ ልትመሠርት ፈለገች።

ጆሮዋ እየጮኸ ወደ ጤና ጣቢያው ወረደች። አግዳሚው ላይ ሰው ሞልቷል። ጤና መኮንኑ አንዲት አሮጊት ክንድ ላይ ፋሻ እየጠቀለለ፣ ሳይዞር መለሰላት። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ? እዚያ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ የገባ የወጣው ሊያነሣው ይችላል። እሱስ የት ነበር? ከአራት እስከ አምስት ስክሪኑ ፊት፣ ከከተማው ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር።

"ደውለው ያረጋግጡ" አላት። "ቅር አይለኝም።"

ደወለች። የሆስፒታሉ የርቀት ሕክምና አስተባባሪ ነገረኛ ሳትሆን ወሬኛ ነበረች።

"አዎ የኔ እህት፣ ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ጀምረን አምስት ጨረስን። ነፍሰ ጡር ነበረች የቀረበችው፤ አራት ስፔሻሊስት ነበር የተቀመጠው። ከስክሪኑ ፊት ለአፍታም አልተነሣም። እንዲያውም አጨብጭበንለታል! ሁልጊዜ ሲቆራረጥብን ኖሮ፣ ‘ዛሬ ምን ተገኘ፣ አንዴም ሳይቋረጥ ሰዓት ሞላን’ ብለን።"

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ "ከ4 እስከ 5። አራት ሐኪም ምስክር። አንዴም አልተቋረጠም" ብላ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ጤና መኮንኑን ከዝርዝሯ ሰረዘችው።

ከሰዓት በኋላ ንብ አናቢው ጋ ሄደች። መንገዱ መንገድ ቢሆን አንድ ሰዓት ነበር፤ ስላልሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ንብ አናቢው ደግ ሽማግሌ ናቸው። ማክሰኞ ማለዳ ወጥተው ማምሻውን ሲመለሱ ዲሹ ተተክሎ አገኙት። በስንት ሰዓት እንደተተከለ?

"ኧረ ልጄ እኔ የት አውቄ! ግን ምን የመሰለ ነገር ነው፤ ባሕር ማዶ ያለችው የልጅ ልጄ ጥርስ ማብቀሏን አየሁ።"

"ልጁን ያየ ጎረቤትስ?"

"ጎረቤቴ ያው የምታያቸው ናቸው" ብለው ወደ ቀፎዎቹ አመለከቱ።

ከጎረቤቶቹ አንዱ ያኔውኑ ጆሮዋ ላይ ነደፋት።

ሐሙስ ጠዋት አዛዡ ሲደውል ስልኩን በደህናው ጆሮዋ ያዘችው።

"መጋዙ የእሱ፣ ዛቻው የእሱ፣ የት እንደዋለ የሚመሰክርለት የለም። ምን ቀረሽ?"

"ጌታዬ፣ ልቤ አላመነበትም።"

"ማመን የተቀጠርሽበት ሥራ አይደለም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዶሴው ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ልጁም በዚያው መኪና ይዛወር። ከዛሬ ሳያልፍ ላኪልኝ።"

ጻፈች። ዘጠኝ ገጽ። የምታውቀው አንድ፣ የማታምንበት ስምንት። የጣቢያው ኢንተርኔትም በሳተላይት ነው፤ ካለፈው ወር ወዲህ ግን እየሠራ ይቆማል። ልትልከው ስትል ተቋረጠ። እንደገና ላከች፤ ግማሹ ላይ ተቋረጠ። በሦስተኛው ኪቦርዱን በጥፊ መታችው፤ ከዚያም ግድግዳ የሚሰነጥቅ ስድብ ሰደበችው። በረኛው ፖሊስ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ኢንስፔክተር፣ ይሄን የተከለልን ሰው እኮ ማረፊያ ክፍል ነው ያለው" አላት።

ማረፊያ ክፍሉ ከቢሮዋ ሦስተኛው በር ነው። ቴክኒሻኑ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል።

"ዲሹ ነው አይደል?" አለ፣ ሳትናገር። "ሲሳደቡ ሰማሁ።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"በስንት በስንት ደቂቃ ነው የሚቋረጠው?"

"ምን አውቃለሁ! ሰዓት ይዤ አልተቀመጥኩ!"

"ይያዙ። ልዩነቱ እኩል ከሆነ የቆመ ነገር ከልሎታል። የተዘበራረቀ ከሆነ ገመዱ ነው። ጣሪያው ላይ አዲስ ነገር ወጥቷል?"

"የውኃ ታንከር። አዛዡ ነው ያስወጣው።"

"በቃ፣ እሱ ነው።"

"ታንከር እንዴት አንዴ ከልሎ አንዴ ይተዋል? የቆመ ነገር አይደል እንዴ?"

"ታንከሩማ ቆሟል። የማይቆሙት ሳተላይቶቹ ናቸው" አለ፤ ከተያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሰው መሰለ። "አንዱ ሲያልፍ ሌላው እየተካ ነው የሚሄዱት። አንዱ ከታንከሩ ጀርባ ሲገባ መስመሩ ይጠፋል፤ ሌላው ብቅ ሲል ይመለሳል። ጤና ጣቢያው ጋ በዚያ ዛፍ ስንት ወር ነው የተሰቃየሁት! በየሰባት ደቂቃው፣ ሃያ ሃያ ሰከንድ። ቀንና ማታ። ዲሹን ሦስት ቦታ ቀያየርኩት፤ ያው ነው።"

ኢንስፔክተሯ የበሩን ብረት ይዛ ቀረች።

"ዛፉ ቆሞ እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ መነጋገር ይቻላል?"

"አይቻልም።"

"በዕድል?"

"ዕድል ምን አገባው? ስምንት ጊዜ ይቋረጣል። ለምን ጠየቁኝ?"

ደብተሯን አላወጣችም፤ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት መስመር በዓይኗ ላይ ነበር። አራት ሐኪም ያጨበጨበለት ሰዓት። ዛፉ አራት ሰዓት ሳይሞላ ወድቆ ነበር። አናጺው የተገኙት ደግሞ በዛፉ ሥር፣ በዛፉ ተጨፍልቀው ነው። ታዲያ "ከአራት ተኩል በፊት አይሆንም" ያለው ማን ነው? ከሁለት ቀን በፊት በራሷ እጅ፣ ደስ እያላት የጻፈችው ነው።

"ይህን የሚመዘግብ ነገር አለ?"

"የየደንበኛው መስመር በተቋረጠ ቁጥር ስልኬ ላይ መልእክት ይደርሰኛል። ከነምክንያቱ፣ ከነሰዓቱ።"

"ይህን ለምን አልነገርከኝም!"

"ማን ጠየቀኝ?" አለ፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። "አራት ጊዜ ጠርተው ‘የት ነበርክ’ አሉኝ። ሥራዬን ግን አንዴ አልጠየቁኝም።"

የከተማውን ባለሙያ ለከተማው ትታ፣ ሁለት ፖሊሶች ምስክር አስቀምጣ ስልኩን ከመሳቢያዋ አወጣች፤ ቻርጅ አደረገችው፤ ቴክኒሻኑ በፊታቸው ከፈተው። ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ጤና ጣቢያ፣ በመሰናክል ተቋርጧል፣ ማክሰኞ ጠዋት 2:50። 2:57። 3:04። 3:11።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስልኩ እስከተያዘበት ሰዓት ድረስ።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አግዳሚው ላይ አሁንም ሰው አለ። ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

"ጤና መኮንን" አለች።

"በትክክል የጠሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለ፣ ፈገግ ሊል እየሞከረ።

"የሞቱበትን ሰዓት ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ።"

"ዛፉ የወደቀው ከሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ በኋላ፣ አሥራ ስምንት ሳይሞላ ነው። እርስዎ ስክሪኑ ፊት ሳይቀመጡ።" ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። "ዲሽዎ ነው የነገረኝ።"

ቁጥሮቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ማክሰኞ ገበያ ይወርዳሉ። ሰው የሌለበት ግቢ ነው ብዬ ነው የገባሁት። ዛፉ ማዘንበል ሲጀምር ከጓሮ ወጡ። ‘ሁለት ዓመት ይቀረዋል!’ እያሉ፣ እያነከሱ፣ ወደ ዛፉ መጡ። ጮህኩባቸው። ሰው እንዴት ወደሚወድቅ ዛፍ ይመጣል?"

"ለምን ቆረጥከው?" አለች። "እርስዎ" ማለት ምላሷ ላይ አልቆም አላት።

"ባለፈው ሳምንት ሕፃን ይዤ ስክሪኑ ላይ ነበርኩ። ትንፋሹ እየጠፋ። ዶክተሩ የመድኃኒቱን መጠን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ተቋረጠ። ሃያ ሰከንድ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ? መጠበቅ አልቻልኩም፤ በግምት ሰጠሁት። ተረፈ። በግምት ነው የተረፈው! አናጺውን አሥራ አንድ ጊዜ ለምኛቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ጠብቅ አሉኝ።"

ከውጭ አንድ ሕፃን አሳለ። ኢንስፔክተሯ ለአፍታ ልቧ ወደ እሱ አዘነበለ፤ ይህም አናደዳት።

"ሲወድቅባቸው ሞቱ?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፋሻ መጠቅለል ጀመረ።

"ሞቱ ወይ?"

"አልሞቱም። ደረታቸው ተጨፍልቋል። ቢበዛ አንድ ሰዓት ነበር የቀራቸው። ወደዚህ ባመጣቸውም አይድኑም ነበር። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ነበራት..."

"አይድኑም ያለው ማን ነው?"

"እኔ።"

"አራት ስፔሻሊስት ፊትህ ተቀምጦ ነበር። መስመሩም አልተቋረጠም። ‘እንዲህ የሆነ ሰው አለኝ፣ ምን ላድርግ’ ብለህ ጠይቀሃቸዋል?"

እጆቹን አያቸው። ንጹሕ እጆች ናቸው፤ ጥፍራቸው በደንብ የተቆረጠ።

"ዛፉን የቆረጥከው እኮ ለመጠየቅ ነበር" አለችው።

ስልኩን ከጠረጴዛው አነሣች። "ልጁስ? መጋዙን እዚያው ጥለህለት ስትመጣ?"

"ማስረጃ ስለማያገኙበት ይለቁታል ብዬ ነበር።"

ይዛው ስትወጣ አግዳሚው ሁሉ ተነሣ። "ዶክተር የት ነው?" "ለስንት ቀን ነው የምትወስጂብን?" ሕፃን ያዘለች ሴት መንገዷን ዘጋችባት፤ "የሚቀጥለው ሐኪም የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ግማሽ ቀን ነው! ግማሽ ቀን!" ኢንስፔክተሯ ታውቃለች። ትክክል ሆኖ ሳለ በሰው ሁሉ ፊት ጥፋተኛ መስሎ መሄድ ምን እንደሆነም በዚያች መቶ ሜትር አወቀችው።

አዛዡ የእምነት ቃሉን በስልክ ሰምቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጥሩ። ልጁን ‘ማስረጃ ባለመገኘቱ ተለቋል’ ብለሽ ልቀቂው። ስለ ሦስቱ ቀን አንድም ቃል አትጨምሪ።"

"ጌታዬ፣ እንደዚያ ከተጻፈ ‘አድርጎታል ግን አላገኙበትም’ ነው የሚባለው።"

"ሌላ ከጻፍሽ ጥፋቱ ወደ ጣቢያው ይመጣል። ነገ ጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ አንድ ወረቀት ከዚያ ቤት እንዳይወጣ።"

ስልኩን አስቀመጠችና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳበች። በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው፤ "በአናጺው ሞት ተጠርጥሮ ለሦስት ቀን የታሰረው ቴክኒሻን ድርጊቱን አልፈጸመም። ፈጻሚው ተይዞ አምኗል። ወንጀሉ የተፈታው በቴክኒሻኑ የሙያ እውቀት ነው። መያዙ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም የመርማሪዋ ነው።" ፈረመች። ማኅተሙን በጡጫ መታችበት።

እህትየዋ ጣቢያው በር ላይ፣ ከተፈታው ወንድሟ ጎን ቆማ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ወረቀት እንደሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ከዚያ ጮክ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። "ስሕተቱም የመርማሪዋ ነው" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ኢንስፔክተሯን አየቻት። ማኅተሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ መረመረች።

"ስልክህን አምጣ" አለችው ወንድሟን።

የደንበኞቹ ሁሉ የመልእክት ቡድን አለው፤ ብልሽት ሲኖር የሚያሳውቅበት። ወረቀቱን የጣቢያው አግዳሚ ላይ ዘርግታ ፎቶ አነሣችው፤ አንዴ አልጠራ ብሏት ደገመችው። ላከችው። መጀመሪያ የበረኛው ፖሊስ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ። ከዚያ የነጎድጓድ ድምፅ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተሰማ፤ ደብዳቤውን ለተሰበሰበው ሁሉ እየጮኹ ያነቡለታል።

የአዛዡ ጥሪ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

"አንድ ወረቀት እንዳይወጣ አላልኩም?!"

"ብለዋል ጌታዬ። ወጥቷል።"

"አስመልሽዋ!"

"ከየት? አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ደርሷል።"

አዛዡ የተናገረውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ኢንስፔክተሯም ሁሉንም አልሰማችውም፤ የቴክኒሻኑ ስልክ መደወል ጀምሮ ነበር። ልጁ ቁጥሩን አይቶ ለማንሣት ፈራ፤ ሊጠፋ ሲል ነው ያነሣው። የአንዲት ገበሬ ድምፅ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።

"አንተ ልጅ! ዲሼ ከማክሰኞ ጀምሮ ሞቷል። መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፌልሃለሁ፤ ሳይመሽ ድረስልኝ!"

ቴክኒሻኑ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እህቱ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። "ይመጣል እናቴ" አለች። "መጀመሪያ ግን ይታጠባል።"